ፊላደልፊያ በኮሊንግዉድ

ልጄ የምትኖረው ከከተማው ዳር፣ ክሬጊበርን የሚባል ሰፈር ነው። በዚህ በዓለም ግርጌ ባለ አገር ጥር ዋናው የሙቀት ወር ነው፤ ባለፈው ጥር የቤቷ አየር ማቀዝቀዣ ተበላሽቶ፣ ያ ከሰሜን የሚመጣው ደረቅ ትኩስ ነፋስ እንዳይገባብን መስኮቱን ሁሉ ጥርቅም አድርገን ተቀመጥን። ከሰዓት በኋላ ምንጣፉ መሽተት ጀመረ። የሞቀ ምንጣፍ ሽታ ታውቃለህ? አቧራ፣ ሙጫና የቆየ የጫማ ሶል የተደባለቁበት ነው። የልጅ ልጄ አፍንጫዋን ይዛ "ግራንድፓ፣ ኢትስ ስቲንኪ!" አለች፤ አያቴ፣ ይሸታል ማለቷ ነው። እኔን ግን ሽታው ይዞኝ ሄደ፤ ኮሊንግዉድ፣ ያኔ በኖርኩበት ሰፈር፣ ከረጃጅሞቹ የመንግሥት ፎቆች በአንደኛው ሥር ወዳለችው የመሰብሰቢያ ክፍል፣ ፀጉሬም ጉልበቴም ሙሉ ወደነበረበት ዘመን። በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ ግድም መሆኑ ነው።

ታሪኩን ከመንገሬ በፊት ያኔ ማን እንደነበርኩ ማወቅ አለብህ፤ አለዚያ የሠራሁት ሥራ ትንሽ ይመስልሃል። በአገር ቤት የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ዕቃ ግምጃ ቤት ጠባቂ ነበርኩ፤ በሱዳን በኩል ወጥቼ እዚህ ስደርስ በእንግሊዝኛ የማውቀው ስሜንና "ታንክ ዩ"ን ብቻ ነው። ላቨርተን ኖርዝ ያለ መጋዘን ገብቼ ፎርክሊፍት፣ ያን ጭነት የሚያነሣውን መኪና፣ መንዳት ጀመርኩ። በዚያ ሁሉ ዘመኔ አንድ ጭነት አልጣልኩም፤ ይህን የሚክድ ሰው ካለ ይምጣ። ቋንቋውን ማንም አላስተማረኝም። አስተማሪውም እኔ፣ ተማሪውም እኔ ነበርኩ፤ ሁለቱም ጎበዞች ነበሩ።

የተማርኩት ከአንድ መጽሐፍ ነው። ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጥበት ኦፕ ሾፕ ገዛሁት፤ ወፍራም ነው፣ የኋላው ግማሽ ግን ተገንጥሎ ጠፍቷል። የአሜሪካ ታሪክ ነበር። መርከቦቹ ባሕሩን አቋርጠው ሲደርሱ ይጀምርና፣ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሥልጣኑን አስረክቦ ወደ እርሻው ሲመለስ ገጹ ያልቃል። ከዚያ ወዲያ አሜሪካ ምን እንደገጠማት ዛሬም ከዜና በላይ አላውቅም። እስከዚያ ያለውን ግን የፈለግከውን ጠይቀኝ። መዝገበ ቃላት በአንድ እጄ፣ መጽሐፉን በሌላው ይዤ፣ ሦስት ጊዜ ዳር እስከ ዳር አንብቤዋለሁ። በፎቃችን ክርክር ሲነሳ "እሱን ጥሩት" ይባል ነበር፤ እሱ የተባልኩት እኔ ነኝ።

ከእኔ ሁለት ፎቅ ከፍ ብለው አንድ የወሎ ሰው ይኖሩ ነበር። ዕድሜያቸውን በሙሉ በደሴና በአሰብ መካከል የጭነት መኪና የነዱ፣ ሙስሊም፣ ቁመታቸው በር የሚሞላ፣ ሲስቁ ሳል የሚቀድማቸው ሰው ናቸው። ጋሼ ነበር የምላቸው። ሚስትም ልጅም አልነበራቸውም፤ ዘመድ ካላቸውም የት እንዳለ አይታወቅም። እሁድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ እሳቸው ዘንድ ወጥቼ ከመጽሐፉ ያነበብኩትን በአማርኛ እተርክላቸዋለሁ። ሄል የገባበት ሻይ ያፈላሉ። መስኮታቸው ዳር ስንቀመጥ የትራሙ ደወል ከታች ይሰማል፣ የከሰዓት ፀሐይ በቀይ ወለላቸው ላይ ረጅም ሆና ትተኛለች።

"አሜሪካኖቹ ሻዩን ባሕር ውስጥ ጣሉት ነው የምትለኝ?" አሉኝ አንድ ቀን።

"በቀረጡ ተናደው ነዋ፣ ጋሼ።"

"ከነሣጥኑ?"

"ከነሣጥኑ።"

"አሰብ ላይ ቀረጥ እኔንም አናዶኝ ያውቃል። ጭነት ግን አልጣልኩም። ሻዩ ምን በደለ?" ብለው ከብርጭቋቸው ፉት አሉ።

በሌላ እሁድ ደግሞ ፊላደልፊያ ላይ ሕገ መንግሥት ሲጻፍ ስለነበረው ክርክር ነገርኳቸው። ባሪያ ያላቸው የደቡብ ሰዎች በምክር ቤት ብዙ ወንበር እንዲያገኙ ባሮቻቸውም ይቆጠሩልን አሉ፤ የሰሜኖቹ እንቢ አሉ፤ በመጨረሻ አምስቱ ባሪያ እንደ ሦስት ሰው እንዲቆጠር ተስማሙ። ጋሼ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ።

"ባሮቹ እኛን መሳዮቹ ናቸው?"

"አዎ፣ ጥቁሮቹ።"

"እነዚያ የነፃነት ሰዎች ያልከኝ ናቸው እንዲህ ያሉት?"

"እነሱው ናቸው።"

"ቀጥል" አሉኝ። ሻዩን ግን አልጨረሱትም።

ኅዳር ላይ ጋሼ ከሆስፒታል ሲመለሱ ሐኪሞቹ ሳንባቸው እንደማይድን ነግረዋቸው ነበር። አልጋቸው ላይ እንደተጋደሙ፣ ስለ መኪና ጎማ እንደሚያወራ ሰው ረጋ ብለው ነገሩኝ። "የሚመጣውን ክረምት አልደርስበትም አሉኝ። ይሁን። መስጊድ አለ፣ ይሰግዱብኛል፤ ቱርኩም ሊባኖሱም ደግ ነው። ግን አያውቁኝም። የማያውቀኝ ሰው አፈር ሲመልስብኝ ታየኝ። አንድ ሰው፣ አንድ እንኳ፣ በአማርኛ 'አይ ሰውዬው!' ቢልልኝ ነው የምመኘው።"

"እድር እናቋቁማለን፣ ጋሼ።"

"እናንተ? አንድ ሊፍት አብራችሁ መሳፈር ያቃታችሁ?"

እውነታቸውን ነው። እድር ለማቆም ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ተሞክሮ ሁለት ጊዜ ፈርሷል። በፎቆቹ ውስጥ ካለነው ሐበሾች ክርስቲያኖቹ እንበዛለን፤ የወሎ ሙስሊሞች ያንሳሉ። የእኛን ወገን የሚመራው አንድ ዲያቆን ነበር፤ ቀን ፋብሪካ ይሠራል፣ እሁድ ይቀድሳል። የእነሱን የሚመራው መንገዱን ተሻግሮ ሥጋ ቤት ያለው ሰው ነው። ዲያቆኑ "ውሳኔ በሰው ብዛት ነው፤ በዓለም ያለ ወግ ነው" ይላል። ባለ ሥጋ ቤቱ "በብዛት ከሆነማ እኛ ለመሸከም፣ እናንተ ለማዘዝ! እኩል ለእኩል ካልሆነ የለንበትም" ይላል። በዚያ ላይ የለቅሶ ቤት ምግብ አለ። በማን ቢላ የታረደ ሥጋ ይቀርባል? እዚህ ላይ ሲደርሱ ሁልጊዜ ለጠብ ወንበር ይነሳል።

እኔ ይህን ስሰማ ሳቅ ሳቅ አለኝ። መጽሐፌ ውስጥ ያለ ነገር ነዋ! ትልልቆቹ ግዛቶች በሰው ብዛት አሉ፣ ትንንሾቹ እኩል ለእኩል አሉ፣ አገሪቱ ልትፈርስ ደረሰች። ያኔ ሁለት ምክር ቤት አቆሙ፤ አንዱ በብዛት፣ አንዱ በእኩልነት፣ ሁለቱም ካልተስማሙ የሚጸድቅ ነገር የለም። በዚያ ፎቅ ውስጥ ይህን የሚያውቅ አንድ ሰው ነበር። ማን እንደሆነ መናገር አያስፈልገኝም።

በጥር፣ ቅዳሜ ቀን፣ ከየወገኑ ጥቂት ሰዎች ጠርቼ የመሰብሰቢያ ክፍሏን ከካውንስሉ፣ ከሰፈሩ አስተዳደር፣ ቡክ አደረግሁ። ሲገቡ መስኮቶቹን አንድ በአንድ ዘጋሁ፣ መጋረጃውን ጋረድኩ፣ በሩን ቆለፍኩ። ውጭው እሳት ነው። ውስጡ ምድጃ ሆነ፤ ምንጣፉም ያኔ ነው መሽተት የጀመረው።

"ወንድሜ፣ መስኮቱ ምን አደረገህ?" አለ ዲያቆኑ።

"አሜሪካ የተሠራችው መስኮት ተዘግቶ ነው።"

"እኛ እኮ የመጣነው ለእድር ነው፤ አሜሪካን ማን ፈለጋት?" አለ ባለ ሥጋ ቤቱ፤ ተሳሳቁ።

ምክንያቴን አስረዳኋቸው። በፊላደልፊያም በጋ ነበር፣ ያም ሆኖ በርና መስኮት ዘግተው ነው የመከሩት። ሰው የሚሰማው ሲበዛ ትናንት ባለው ነገር ላይ ችክ ይላል፤ ሰሚ ከሌለ ግን ያለ ኀፍረት ሐሳቡን ይለውጣል። ከዚያ የሰማነውን ውጭ እንዳናወራ ሁሉም በየእምነቱ እንዲምል አደረግሁ። ዘዴው ሠርቷል! ላባቸው እየተንጠባጠበ ሁለቱ ምክር ቤቶች ላይ ለመስማማት ትንሽ ነበር የቀራቸው። የቀረውን ለሳምንት አሳድረን ተለያየን።

ሰኞ ሊፍት ውስጥ ስገባ ወሬ ቆመ። ማክሰኞ ሰላም ስል አንገቱን የሚያዞር መጣ። ረቡዕ ባለ ሥጋ ቤቱ ከባንኮኒው ጀርባ ሆኖ በሹክሹክታ ነገረኝ፤ "ሰዎች 'አንተም ገባህ ወይ?' እያሉኝ ነው። መጋረጃ ጋርደው ማሉ፣ ድርጅት እያቋቋሙ ነው ተብሏል። እባክህ ሥጋዬን በሰላም ልሽጥ።" ዲያቆኑን ሚስቱ ከለከለችው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ክፍሏ ውስጥ እኔና ወንበሮቹ ብቻ ነበርን። በዚያው ሳምንት ጋሼን አምቡላንስ ወስዶ፣ ኦክስጅን አፍንጫቸው ላይ አድርጎ መለሳቸው። ልጠይቃቸው ስወጣ "ፊላደልፊያ እንዴት ሆነ?" አሉኝ። "እየሄደ ነው" አልኳቸው። "ፍጠኑ" አሉ።

ሦስተኛው ቅዳሜም ክፍሏን ዘግቼ ተቀመጥኩ። ሐሳቤ ትክክል ነው፣ ሰው ይመጣል ብዬ ነው። በሩ ተደበደበ። ከፎቃችን የቢሮ ጽዳት የሚሠሩ፣ ሁላችን እትዬ የምንላቸው ሴት ናቸው። ክርስቲያን ናቸው፣ ሆኖም በሁለቱም ወገን እሳቸውን የማይፈራ ሰው አልነበረም።

"ይግቡ፣ እትዬ።"

"አልገባም! እኔ በር የተዘጋበት ስብሰባ አልገባም። ልጄ በዚያው ነው የሄደው። የቀበሌው አዳራሽ ተዘጋ፣ ስም ተጠራ፣ በቃ፣ ያ ነው። ስንት ባሕር ተሻግረን መጥተን አንተ ደግሞ መጋረጃ ትጋርድብናለህ?"

"እትዬ፣ አሜሪካኖቹ እኮ…"

"አሜሪካኖቹ ቀበሌ አልነበራቸውም!"

ከበሩ ገለል አልኩላቸው።

አልገባም ያሉት ሴት ገቡ። መጋረጃውን በሁለት እጃቸው ጎተቱት። መስኮቱ ቀለም አጣብቆት ስለነበር እኔም አብሬ ገፋሁ፤ ተላቆ ሲከፈት የታጨደ ሣር ሽታ፣ ክሪኬት የሚጫወቱ ልጆች ጩኸትና የትራሙ ድምፅ ባንድ ጊዜ ገባ። እትዬ ግማሽ አካላቸውን በመስኮቱ አውጥተው ወደ ፎቁ ቀና አሉና ጮኹ፤

"ኑ! የፖለቲካ አይደለም! የቀብር ነው!"

ከየሰገነቱ ራስ ብቅ ብቅ አለ። በመጀመሪያ የመጡት አልገቡም፤ ውጭ ሣሩ ላይ ቆመው በመስኮት ያዩ ነበር። በፈለጉ ጊዜ መሄድ የሚችሉበት ቦታ መሆኑ ነው። እኔም ለእነሱ እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አደረግሁ። ዲያቆኑ ከሚስቱ ጋር መጣ። ባለ ሥጋ ቤቱ ሽርጡን ሳይፈታ መንገዱን ተሻገረ። ብዙም ሳይቆይ የሊፍቱ በር ተከፈተና ጋሼ በተሽከርካሪ ወንበር፣ የኦክስጅን ጠርሙሳቸውን እንደ ሕፃን ታቅፈው ወጡ። ሰው መንገድ ለቀቀላቸው።

ሁለቱን ምክር ቤቶች አስረዳሁ። ያለ ወረቀት ነው የተናገርኩት። የዘወትሩን ጉዳይ በብዛት የሚመረጠው ቤት ይይዛል፤ የቀብርና የለቅሶ ሥርዓትን ከሁለቱ እምነቶች እኩል ሰው የሚቀመጥበት ቤት ይይዛል፤ አንዱ ያለ ሌላው አያጸድቅም። ከመስኮቱ ውጭ አንድ ሰው "ይኸማ ደህና ነው!" ሲል ሰማሁ።

ዲያቆኑ ጠያቂ ሰው ነበር። "ብዛቱን በምን እንቆጥራለን? በአገር ቤት እድር በአባወራ ነው። ቤተሰብ የሌለው ብቸኛ ሰውስ? እንደ ግማሽ ይያዝ?" አለ። ክፋት አልነበረውም፤ ሥርዓቱን ነው ያሰበው።

ጋሼ እጃቸውን አነሱ። ትንፋሻቸው እስኪሰበሰብ ሁላችንም ጠበቅን። "ይኸ ሰው አስተምሮኛል" አሉ ወደ እኔ እያመለከቱ። "አሜሪካኖቹ አገራቸውን ሲሠሩ እኛን መሳዩን ሰው ቀንሰው ቆጠሩት። እናንተ እኔን ሙሉ አድርጋችሁ ቁጠሩኝ። ብዙ ጊዜ አላስቸግራችሁም።"

ዲያቆኑ ከተቀመጠበት ተነሥቶ ጎንበስ አለ። "ሙሉ ነዎት፣ ጋሼ። ይማሩኝ።"

"እግዜር ይማርህ። በል ሥጋውን ጨርሱ፣ ደከመኝ።"

ሥጋው ላይ እንደገና ድምፅ ሊነሳ ሲል እትዬ ቀደሙ። "ለቅሶ ቤት ሥጋ ምን ያደርጋል? ምስር በዘይት ይሠራ። የማንም ቢላ አይነካውም፣ ጾም የያዘም ይበላዋል።" ሁላችንም ወደ ባለ ሥጋ ቤቱ ዞርን። እሱም ሽርጡን አየ፣ እኛን አየና፣ "እኔ ሥጋ ሻጩ ከተስማማሁ እናንተ ምን ቀራችሁ?" ብሎ እጁን አወጣ። ከውስጥም እጅ ወጣ፣ ከሣሩ ላይም ወጣ፤ አንዳንዱ ክንዱን በመስኮት እስከ ትከሻው አስገብቶ ድምፅ ሰጠ። አሜሪካኖቹ መስኮት ዘግተው የሠሩትን እኔ መስኮት ከፍቼ አጸደቅሁ። ልዩነቱን አንተው ፍረድ።

ጋሼ ያረፉት በበጋው መጨረሻ ነው። ላቨርተን ኖርዝ ሥራ ላይ ሳለሁ ስልክ መጣልኝ፤ የያዝኩትን ጭነት ቦታው አስቀምጬ፣ ቁልፉን ለአለቃዬ ሰጥቼ ወጣሁ። በማግስቱ ቀበርናቸው። ሙስሊሞቹ ሲሰግዱባቸው እኛ ከኋላ ባርኔጣችንን አውልቀን ቆምን። ቃሬዛው ሲነሳ ዲያቆኑ ከፊት ገባ፤ ባለ ሥጋ ቤቱ ጎን ለጎኑ ነበር። ቁመታቸው ስለማይመጣጠን አስከሬኑ ወደ ዲያቆኑ አዘነበለ፣ እሱም እስከ መጨረሻው ትከሻ አልለወጠም። አፈር ሲመለስ እትዬ ከመኪኖቹ አጠገብ፣ በሩቁ፣ "አይ ሰውዬው! አይ ጋሼ!" ሲሉ ሰማሁ። በአማርኛ ነው። ከዚያ ሌሎቹም ተቀበሏቸው።

እንግዲህ የሠራሁትን ልዘርዝርልህ፤ እኔ ካልተናገርኩ የሚናገርልኝ የለም። ስድስተኛ ክፍል ላይ ቆሜ፣ በግማሽ መጽሐፍ የሰው አገር ቋንቋ ተማርኩ። ሁለት ጊዜ የፈረሰውን እድር አቆምኩ፤ ዛሬም አለ፣ ሁለቱም ምክር ቤቶች ይቀመጣሉ። የለቅሶ ቤት ምስሩን ደንብ አደረግሁት፤ ሐሳቡን እትዬ አመጡት፣ አንቀጹን ግን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሁለት ዙር ሊቀ መንበር ሆኜ ሦስተኛውንም ቀጥል እያሉ ሲለምኑኝ እንቢ አልኩ። በመጽሐፉ ያለው የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ወደ እርሻው ተመለሰ፤ እኔ እርሻ ስላልነበረኝ ወደ ፎርክሊፍቴ ተመለስኩ። እትዬ ሲያርፉ በክብር ሸኘኋቸው፤ ባለ ሥጋ ቤቱ ሥጋ ቤቱን ዘግቶ መጥቶ ነበር። ዲያቆኑ ቄስ ሲሆን ንግግር ያደረግሁት እኔ ነኝ፣ ረጅም ነበር፣ ማንም አልተነሳም።

ያን ቀንም፣ ጋሼን ስንቀብር፣ የመካነ መቃብሩ ሠራተኛ ወደ ተሰበሰብነው መጥቶ "የሟች ቤተሰብ ማን ነው?" ብሎ ሲጠይቅ፣ ከሁሉም ቀድሜ እጄን አወጣሁ።